ድንኳኑን ያበዛው ሱስ ነው ወይስ የቤት እጥረት? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ካሊፎርኒያ ቤት አልባዎች የተጻፈ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ አምስት ጊዜ ደርሶኛል። አንዱን የላከልኝ የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው፤ «እውነቱን የሚናገር ሰው ተገኘ» ብሎ ከሥሩ ጨምሮበታል። አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር የጨበጠ ሰው ነው። ስድብ አልተጠቀመም፣ ቁጥርም ጠቅሷል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ በዝምታ ማለፍ ጸሐፊውንም አንባቢውንም መናቅ መስሎ ስለታየኝ ይህን ምላሽ ጻፍኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጸሐፊው ክርክር ሲጨመቅ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ በሎስ አንጀለስና በሳን ፍራንሲስኮ ጎዳናዎች የምናየው የዕፅና የአእምሮ ሕመም ችግር እንጂ የቤት ችግር አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ሞቃቱን አየርና ድጎማውን ፈልገው ከሌላ ግዛት የመጡ ናቸው። ሦስተኛ፣ ግዛቱ በአምስት ዓመት 24 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ ቁጥሩ ስለጨመረ፣ ለሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ ቤት የመስጠቱ መርህ ከሽፏል። አራተኛ፣ መፍትሔው እንደ ቴክሳስ ድንኳን መከልከል ነው። አምስተኛ፣ የግዛቱ መንግሥት ከተሞችን እያስገደደ በመኖሪያ ሰፈሮች አፓርታማ ማስገባቱ ላባቸውን አፍስሰው ቤት የገዙ ሰዎችን መበደል ነው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ቤት የገዛውን ሐበሻ በስም ጠርቶ ይከራከርለታል፤ ጽሑፉ እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ የዞረውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጠንከር ካለው፣ ከመጀመሪያው ልነሣ። በጎዳናው ላይ ዕፅ የለም የሚል ሰው በሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ ስኪድ ሮው በሚባለው ሰፈር አልፎ አያውቅም። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች 3,200 ያህል ቤት አልባ አዋቂዎችን ጠይቀው በ2023 ባወጡት ጥናት፣ ሲሶ ያህሉ በዚያው ወቅት ሜታምፌታሚን የተባለውን አነቃቂ ዕፅ አዘውትረው እንደሚወስዱ ተናግረዋል። ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም።

ነገር ግን ድንኳን የሚያበዛው ዕፅ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑን የምናየው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነበር። ያች ግዛት ዕፅ አብዝቶ በመውሰድ በሚሞተው ሰው ብዛት ከሕዝቧ አንጻር ለዓመታት አንደኛ ሆና ቆይታለች። ድህነት ከሆነ ደግሞ ተራው የሚሲሲፒ ነበር፤ እሷ ግን የድሆች ግዛት ሆና ሳለ ከሕዝቧ አንጻር ያላት የቤት አልባ ቁጥር ከአገሪቱ ዝቅተኛው ነው። በጥር 2024 በተደረገው ቆጠራ ካሊፎርኒያ ውስጥ 187 ሺህ ቤት አልባዎች ተገኝተዋል። በመላው አሜሪካ ከተቆጠሩት 771 ሺህ ሰዎች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። የግዛቷ ሕዝብ ግን ከአገሪቱ ሕዝብ ስምንተኛውን እጅ እንኳ አይሞላም። ሱስ ዌስት ቨርጂኒያም አለ፣ ካሊፎርኒያም አለ። ልዩነቱ የዌስት ቨርጂኒያው ሱሰኛ ማታ የሚገባበት አለው፤ ርካሽ አሮጌ ቤት ይከራያል፣ ወይም እናቱ የምታሳድርበት ትርፍ ክፍል አላት። ሎስ አንጀለስ ያለችው እናት ራሷ ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ክፍል ተጣባ ነው የምትኖረው።

አዲስ አበባ ላይ ሥራ በሚወጣበት ሰዓት ታክሲ የጠበቀ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ሃያ ሰው ተሰልፎ አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን አንድ ታክሲ ቢመጣ ስምንት ሰው ይቀራል። ሰልፉ ፈርሶ ግፊያ ከሆነ የሚቀሩት አሮጊቷ፣ ልጅ ያዘለችው፣ እግሩን የሚያመውና ሞቅ ያለው ሰው ናቸው። «ይህ ሰውዬ ለምን ቀረ?» ብትሉ መልሱ «ስለጠጣ» ሊሆን ይችላል። «ለምን ስምንት ሰው ቀረ?» ብትሉ ግን መልሱ ከመጠጥ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁሉንም አስታማችሁ፣ አድናችሁ፣ ጎረምሳ አድርጋችሁ ብታሰልፏቸው እንኳ ስምንት ሰው መቅረቱ አይቀርም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰና ሁለተኛውንም የመለሰ መሰለው።

ሌላም ነገር አለ። ዓይን የሚያየው ድንኳኑን ነው። እኔ ለስድስት ዓመት በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ካሜራው በማያየው ጥግ፣ አንዲት ብርማ ቶዮታ ታድር ነበር። ባለቤቷ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን የምትንከባከብ ሴት ነበረች። የሥራ ልብሷን ተኩሳ በኋላው መስኮት ላይ ትሰቅለዋለች፤ ካልሲዋ መሪው ላይ ይደርቃል። ሌሊት አሥር ተኩል ሲሆን የጥርስ ብሩሿን በኩባያ ይዛ ትወርድና የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ትጠይቀኛለች። ከቁልፉ በቀር የጠየቀችኝ አንድ ነገር ለአለቃዬ እንዳልናገርባት ብቻ ነው። ዕፅ ቀርቶ ሲጋራ ስታጨስ አይቻት አላውቅም። ስምንት ወር እንዲህ ኖረች። በጸሐፊው ምስል ውስጥ ይህች ሴት የለችም፤ ልትኖርም አትችልም፣ እንዳትታይ ስትጠነቀቅ ነውና የምትውለው። የጠቀስኩት ጥናት እንደሚለው ሰዎቹ ቤታቸውን ከማጣታቸው በፊት በነበሩት ስድስት ወራት የቤተሰባቸው መካከለኛ ገቢ በወር 960 ዶላር ነበር። በ960 ዶላር ሎስ አንጀለስ ውስጥ ምን እንደሚከራይ ለዚህ ከተማ አንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ዕፁን የጀመሩት ጎዳና ከወጡ በኋላ የሆኑም አሉ፤ ሌሊቱን ነቅቶ ንብረትን መጠበቅ ግድ ሲሆን የሚያነቃ ነገር ይፈለጋል።

ሁለተኛው ነጥብ ብዙ አያቆየንም። በዚያው ጥናት ከአሥሩ ዘጠኙ ቤታቸውን ያጡት እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ከአራቱ ሦስቱ ደግሞ ቤታቸውን ባጡበት ካውንቲ ውስጥ እንዳሉ ነው የተገኙት። ለአየሩ ብለው የመጡ ሳይሆኑ ጎረቤቶቻችን ናቸው ማለት ነው። ሞቃቱ አየር ድርሻ የለውም አልልም፤ ኒው ዮርክ በብርዱም በፍርድ ቤት ስምምነትም ምክንያት አብዛኛውን ቤት አልባ መጠለያ ስታስገባ፣ ካሊፎርኒያ ሁለት ሦስተኛውን ደጅ ታሳድራለች። አየሩ ድንኳኑን እንድናይ ያደርጋል፤ ቤት ያሳጣው ግን አየሩ አይደለም።

ስለ ድጎማው ግን አንድ ነገር ልበል፤ «ድጎማውን ፈልገው መጡ» የሚለው አነጋገር ድጎማው በየመንገዱ የሚታደል ስለሚያስመስል ነው። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠውን የኪራይ ቫውቸር በመላው አሜሪካ የሚያገኘው ከሚገባቸው አራት ቤተሰቦች አንዱ ብቻ ነው። በ2022 የሎስ አንጀለስ ከተማ የቫውቸር መጠባበቂያ ዝርዝሩን ለጥቂት ቀናት ሲከፍት 223 ሺህ ያህል ማመልከቻ ገባ፤ በዕጣ የተመረጡት 30 ሺህ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ለወረፋው ነው የተመረጡት። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ዕጣው ቢወጣስ? አንዲት እናት የማውቃቸው ቫውቸሩ በእጃቸው ገብቶ፣ አከራይ ፍለጋ ከልጃቸው ጋር ሠላሳ አንድ ቤት አንኳኩተዋል። ልጅቷ አድራሻዎቹን በደብተር ጽፋ እየሰረዘች ነበር የምትዞረው። ከ2020 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ተከራይን በቫውቸር ስለሚከፍል ብቻ መመለስ ክልክል ነው። ስለዚህ «ቫውቸር አንቀበልም» የሚላቸው አልነበረም፤ «አሁን ተያዘ» ነው የሚሏቸው። የቫውቸሩ ቀን እስኪያልቅ እንዲህ «ተያዘ» ሲባሉ ከረሙ። ከሌላ ግዛት ሰውን የሚስበው ይህ ከሆነ ሰውዬው ከሚሸሸው ነገር ይልቅ እዚህ በሚጠብቀው ያሳዝነኛል።

ወደ ገንዘቡ። 24 ቢሊዮኑ እውነት ነው። የግዛቱ ኦዲተር በሚያዝያ 2024 ባወጣው ሪፖርት የተጠቀሰ ነው፤ መንግሥቱ ገንዘቡ ያመጣውን ውጤት በወጉ አልተከታተለም ተብሎ መወቀሱም ትክክል ነው። ቁጥጥሩ የሚያሳፍር ነበር፤ እዚህ ላይ የጸሐፊውን ቁጣ እጋራለሁ። ነገር ግን ሪፖርቱን አጋምሶ መተው አይገባም ነበር። ኦዲተሩ አምስት ፕሮግራሞችን ለይቶ መርምሯል። ሦስቱን መረጃ በማነሱ መመዘን አልቻለም። ሁለቱ ግን ለወጣባቸው ገንዘብ የሚመጥን ውጤት ሳያስገኙ እንዳልቀሩ ጽፏል። ከሁለቱ አንዱ በ2020 በወረርሽኙ ወቅት የተጀመረው፣ ሆቴሎችንና ሞቴሎችን ገዝቶ ወደ መኖሪያነት የሚቀይረው ሆምኪ ነው። «መለካት አልተቻለም» እና «ከሽፏል» አንድ አይደሉም።

ቁጥሩ ለምን ጨመረ ታዲያ? በ2019 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ በየቀኑ በአማካይ 207 ሰዎች ከጎዳና ወደ ቤት ይገቡ ነበር። በዚያው ቀን 227 ሰዎች ቤታቸውን ያጣሉ። በቀን 207 ሰው ማስገባት ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚቆጠረው የቀረው ብቻ ነው። ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን የሚወለውለውን ሰው ወለሉ አልደረቀም ብሎ ሰነፍ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ቅድሚያ ቤት» የሚባለው መርህ የተጀመረው በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳም ጸምቤሪስ በተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሰውዬው ሱሱን እስኪተው አትጠብቅ፣ ቤት ስጠው፣ ሕክምናውን ከጎኑ አቅርብለት። ካሊፎርኒያ በ2016 በሕግ ተቀበለችው። ካናዳ በአምስት ከተሞች ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍላ ሞከረችው። ቤት ቀድሞ የተሰጣቸው ሰዎች ከጥናቱ ጊዜ 73 በመቶውን በተረጋጋ ቤት ሲያሳልፉ፣ በተለመደው መንገድ የተረዱት ግን 32 በመቶውን ብቻ ነው። ጸሐፊው «ሱሱን አላዳነም» ቢል ከሞላ ጎደል እውነት ብሏል፤ በሱስና በአእምሮ ጤና ረገድ ከተለመደው እርዳታ ብዙም ብልጫ አላሳየም። ግን ቁልፍ ሱስን ይፈውሳል ያለው ማን ነው? ቤት ያለው ሱሰኛ የሐኪም ቀጠሮ ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ አለው። መድኃኒቱን የሚያስቀምጥበት መሳቢያም አለው። ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁለቱም የሉትም፤ እኛ ግን መጀመሪያ ዳን እንለዋለን።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ከእኔ በላይ መቆጣት ይችል ነበር፣ አላነሳውም እንጂ። የሎስ አንጀለስ ከተማ ሕዝብ በ2016 ለቤት አልባዎች ቤት መሥሪያ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድር በድምፁ አጸደቀ። በ2022 የከተማው ኦዲት ሲወጣ አንዳንዱ አፓርታማ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ፈጅቶ ተገኘ። በዚህ ዋጋ የትኛውም መርህ ቢሆን አያዋጣም። ዋጋውን ያናረው ግን መርሁ አይደለም፤ የፈቃዱ መጓተት፣ የክሱ ብዛት፣ ከአምስት ከስድስት ምንጭ ገንዘብ ለማገጣጠም የሚያልፈው ጊዜ ነው። ይህ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ነጥብ ይወስደናል፤ መጀመሪያ ግን ቴክሳስን እንለፍ።

ቴክሳስ በ2021 ሕዝብ በሚገለገልበት ቦታ ድንኳን መትከልን በመላ ግዛቷ ከልክላለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በሰኔ 2024 ግራንትስ ፓስ የተባለችው የኦሪገን ከተማ ባቀረበችው ይግባኝ፣ ደጅ የሚያድርን ሰው መቅጣት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ በ6 ለ3 ድምፅ ወስኗል። ወር ሳይሞላ የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ጋቪን ኒውሰም ድንኳኖች እንዲነሡ ትእዛዝ አወጣ። እንግዲህ ጸሐፊው የጠየቀው እየተፈጸመ ነው። የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ ነው በሚለው እስማማለሁ፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በድንኳን ምክንያት ወደ አስፋልት መውረድ የለበትም። ግን ድንኳኑ ሲነሣ ሰውዬው የት ገባ? በግራንትስ ፓስ ቅጣቱ 295 ዶላር ነበር። ለኪራይ ያጣውን ሰው 295 ዶላር ክፈል ማለት ነው። ድንኳኑ በመኪና ተጭኖ ሲሄድ መታወቂያውም አብሮ ይሄዳል፤ ያለ መታወቂያ ደግሞ ቤትም ሥራም ማመልከት አይቻልም።

ስለ ቴክሳስ የሚያስገርመው ነገር ሌላ ነው። ጸሐፊው ያሞገሳት ሂውስተን ከ2011 ወዲህ የቤት አልባዎቿን ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሳለች፤ ይህ ሐቅ ነው፣ ይመሰገናሉም። ሥራውን የጀመሩት የክልከላው ሕግ ከመውጣቱ አሥር ዓመት ቀድመው ነው። የተጠቀሙበት መንገድ ደግሞ፣ ጸሐፊው ይቅርታ ያድርግልኝና፣ ያው ከሽፏል ያለው «ቅድሚያ ቤት» ነው። ታዲያ ሂውስተን ላይ ሠርቶ ሎስ አንጀለስ ላይ ለምን ተንገዳገደ? ሂውስተን ይህ ሰፈር ለቪላ፣ ያ ሰፈር ለአፓርታማ ብሎ መሬት የሚከፋፍል ደንብ የላትም። ቤት ይሠራል፤ ስለሚሠራ ለአንድ ሰው ቤት ማግኘት ይቻላል፤ ዋጋውም የሚቀመስ ነው። በሌላዋ የቴክሳስ ከተማ በኦስቲን አፓርታማ በገፍ ከተሠራ በኋላ ኪራይ ከ2022 ጣሪያው ወርዷል። «አዲሱ አፓርታማ ለሀብታም ነው፣ ለድሃ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው የጸሐፊው ጥያቄ መልሱም ይኸው ነው። ሀብታሙ አዲሱን ሲከራይ አሮጌውን ይለቃል። አዲስ ካልተሠራለት ግን ለአሮጌው ከድሃው ጋር ይጫረታል፤ በዚያ ጨረታ ማን እንደሚያሸንፍ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ አምስተኛው። እኔ ተከራይ ነኝ፤ ይህን ደብቄ መከራከር አልፈልግም። ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ዕቁብ ጠጥቶ፣ ሞርጌጅ እየከፈለ ቤት የያዘውን ወገኔን ስጋትም አልንቅም። አጠገቡ ባለ አራት ፎቅ ሲቆም ፀሐዩን ይጋርደዋል፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠባል፣ ዓመት ሙሉ አቧራ ይበላል። እውነት ነው።

ነገር ግን የሎስ አንጀለስ የመኖሪያ መሬት ሦስት አራተኛው ገደማ ለረጅም ዘመን ለአንድ ቤተሰብ ቪላ ብቻ የተከለለ ነበር። ጸሐፊው ይህን የሰፈሩ «ተፈጥሯዊ መልክ» ይለዋል። ተፈጥሮ አይደለም፣ ደንብ ነው፤ ደንቡም የልደት ቀን አለው። እንዲህ ያለው ክልል በአሜሪካ ቀድሞ ከታየባቸው ቦታዎች አንዷ በ1916 በርክሌይ ናት፤ እዚሁ ካሊፎርኒያ። ያን ጊዜ ከደንቡ ጎን ለጎን የቤት ሰነዶች ላይ ጥቁር እንዳይገዛ፣ እንዳይኖርበት የሚል አንቀጽ ይጻፍ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች ያን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ እስኪያግድ ድረስ በሎስ አንጀለስ ብዙ ሰፈሮች የተለመደ ነበር። በ1950 ደግሞ የግዛቱ መራጮች በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 34ን ጨመሩ፤ በመንግሥት ገንዘብ ለድሆች የኪራይ ቤት ለመሥራት የአካባቢው ሕዝብ ድምፅ መስጠት አለበት ይላል። ለሀብታም ቤት ሲሠራ ማንም ድምፅ አይጠየቅም። አንቀጹ እስከ ዛሬ አልተሻረም። «ከተሞች ራሳቸው ይወስኑ» የሚለው መፈክር ይህን ታሪክ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ በዚያ ሰፈር ዛሬ ሐበሻ ቤት መግዛቱ ከተሞች በራሳቸው ወስነው የሆነ ነገር አይደለም።

በ1978 የጸደቀው ፕሮፖዚሽን 13 ሌላ ቋጠሮ ጨመረበት። የንብረት ግብሩን በግዢ ዋጋ አንድ በመቶ ላይ ገድቦ፣ ለግብር የሚታሰበው ዋጋ በዓመት ከሁለት በመቶ በላይ እንዳይጨምር አድርጓል። ለቆየ ባለቤት ትልቅ እፎይታ ነው። ለከተማው ግን ከመኖሪያ ቤት ይልቅ የሽያጭ ግብር የሚያስገባ የገበያ አዳራሽ እንዲመርጥ የሚገፋፋ ሆነ። ግዛቱ እስከ 2030 ሁለት ሚሊዮን ተኩል ቤት ያስፈልጋል ብሎ አቅዷል፤ በዓመት የሚሠራው ግን ከመቶ ሺህ ብዙም አይርቅም። እያንዳንዱ ከተማ «እኔ ሰፈር አይሁን» ሲል የሁሉም ድምር ይህ ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ የግዛት ጉዳይ የሚሆነው። በባሕሩ ዳር ያለችው ሀንቲንግተን ቢች ድርሻዋን አላቅድም ብላ በ2023 ግዛቱ የከሰሳትም ለዚህ ነው፤ እሷ ያልሠራችውን ቤት የሚፈልገው ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ኪራይ ያስወድዳል፣ ወይም መኪና ውስጥ ያድራል።

የግዛቱ ሕጎች ሁሉ ሠርተዋል አልልም። በ2021 የወጣው፣ በአንድ ቪላ ቦታ ላይ እስከ አራት ቤት የሚፈቅደው ሕግ ብዙ ጩኸት አስነሥቶ የተሠራበት ግን ጥቂት ነው። የሠራው እኛ ሰርቪስ የምንለው የጓሮ ቤት ነው። ከ2016 በፊት በግዛቱ በዓመት የሚፈቀደው ከሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። ግዛቱ ከተሞች ምክንያት እየፈጠሩ እንዳይከለክሉ፣ ቆይቶም በ60 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ በሕግ ካስገደደ ወዲህ በዓመት ከ20 ሺህ በላይ ደርሷል።

ጽሑፉን የላከልኝ ያ ወዳጄም በ2021 ከጋራዡ ጀርባ ሰርቪስ ሠርቷል። ሁለት የነርስነት ተማሪዎች ተከራይተውታል፤ ባለፈው ፋሲካ እዚያው ደጃፍ ቡና ጠጥተናል። ከተማው ድሮ ሁለት ጊዜ ከልክሎት እንደነበርና የግዛቱ ሕግ ሲወጣ እንደተፈቀደለት ራሱ ነው የነገረኝ። ይህን ጽፌ መለስኩለት።

«የእኔ እኮ ሰርቪስ ነው» አለኝ።

በጊዜው ጎረቤቱ ለከተማው ያስገባው አቤቱታ ላይ ግን «አፓርታማ» ነበር የሚለው።